ማሰብ፣ ንቃተ ኅሊና፣ ቋንቋ፣ ተነሳሽነት፦ እንደ ሰው የሚያስረዳኝ አለ?

የእንጅባራዋ | ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለፋይናል ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ያስጨነቀኝ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ነው።

ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ትርጉሞቹን በቃሌ ይዣለሁ። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አንድም ሳላዛንፍ እላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን መምህሩ አስነሱኝና «ኮንሽየስነስ ማለት ምን ማለት ነው? መጽሐፉን ተይው። በአማርኛም ቢሆን በራስሽ አባባል ንገሪን» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። የሸመደድኩት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ አለ። ከእሱ ውጭ ግን አንዲት ቃል አልነበረችኝም። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። ከአያቴ ጋር የማወራው በአገውኛ ነው። ከጓደኞቼ ጋር በአማርኛ ነው። የምማረው በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ የማስበው በየትኛው ነው? አያቴን ሳስታውስ በአገውኛ ትመጣልኛለች። ብር ስቆጥር በአማርኛ ነው። ሳይኮሎጂ ሳነብ ግን በየትኛውም ቋንቋ የማስብ አይመስለኝም። ዓይኔ ብቻ ነው መስመሩን የሚከተለው።

ሌላም አለ። 12ኛ ክፍል እያለሁ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን አጠና ነበር። ማንም አይቀሰቅሰኝም ነበር። አሁን ላይብረሪ እገባለሁ፣ ደብተሬን እዘረጋለሁ፣ አንድ ገጽ ሳልገልጥ ሰዓቱ ያልቃል። ይህ ስንፍና ነው? ወይስ ሞቲቬሽን የሚለው ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚህ ነው?

ማሰብ፣ ንቃተ ኅሊና፣ ቋንቋ፣ ተነሳሽነት። አራቱን እንደ ሰው የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ። እዚህ ብዙ የጎጃም ሰው ስላለ ነው የጻፍኩት።

ዘዲማ | ሰኞ፣ ማታ 3፡25

እህቴ፣ ቢቸና ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ልጅ እያለሁ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሬአለሁ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ኮሌጅ እያለሁ ይህንኑ ትምህርት ወስጃለሁና ጭንቀትሽ ይገባኛል። ማሰብን እኔ ልጀምርልሽ። ሌላውን የሚያውቁት ይሙሉት።

መጀመሪያ ቃሉን እይው። ሐሳብ «ሐሰበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው። ሐሰበ ማለት አሰበም ቆጠረም ነው። ሒሳብ የምንለውም ከዚያው ነው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት ባሕረ ሐሳብ የተባለው ለዚህ ነው። ቅኔ ቤትም ተማሪ ቅኔ ሲያስብ «ይቆጥራል» እንላለን። አባቶቻችን ማሰብን ሥራ አድርገው ነው ያዩት። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ።

ቆጠራው እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይቀመጣል። ለምዱን ይከናነባል። ሰሙ ይገኝና ወርቁ እምቢ ይለዋል። ወይም ወርቁ መጥቶ ሰሙ ይጠፋበታል። አንድ ቀን እኔም ጉባኤ ቃና ላይ ተጣብቄ ዋልኩ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ጀማሪ የሚጀምርበት። እሱ እንኳ አልወጣልኝ አለ። ተስፋ ቆርጬ አኩፋዳዬን ይዤ ቁራሽ ልለምን ወደ መንደር ወረድኩ። ሰው ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ፣ ውሻው እየጮኸብኝ፣ ቃሉ ዱብ አለልኝ። ቁራሹንም ሳልጠብቅ ሮጬ ተመለስኩ።

ግርሃም ዋላስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1926 አዲስ ሐሳብ የሚወለድበትን መንገድ በአራት ከፍሎ ጽፏል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) መጀመሪያ መዘጋጀት ነው። ቀጥሎ ነገሩን ትቶ ማቆየት። ከዚያ ብልጭ ማለት። መጨረሻ ማጣራት። ሁለተኛውን እኔ ጥንስስ እለዋለሁ። ጌሾውና ብቅሉ ጋን ውስጥ ገብቶ ተከድኗል። ማንም አይነካውም። ውስጡ ግን ሥራ ላይ ነው። ልብ በይ፣ ሳይጠነስሱት የሚፈላ ጠላ የለም። ግሱንና አገባቡን ያልቀጸለ ተማሪ ዛፍ ሥር ዓመት ቢቀመጥ ምንም አይመጣለትም። ብልጭ ያለ ሁሉም ልክ አይደለም። ማታ የኔታ ፊት ሲነገር «አገባቡ ተሰበረ» ሊባል ይችላል። ማጣራት ያ ነው።

ሞጁልሽ ላይ ጽንሰ ሐሳብ የሚል ነገር አለ። ቀላል ነው። እህል ስልሽ ምን መጣልሽ? ጤፍ ወይም ስንዴ መሆን አለበት። ግብጦ አይሆንም። ግብጦም እህል ነው፣ ግን ዳር ላይ ነው የተቀመጠው። ኤሊኖር ሮሽ የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ ያሳየችው ይህንን ነው። አእምሯችን ነገሮችን በአጥር ከልሎ ብቻ አያስቀምጥም። መሃል ላይ አንድ አብነት ያቆማል። ሌላውን በእሱ ርቀት ይለካዋል።

ማሰብን የሚያስርም አለ። ካርል ዱንከር ለሰዎች ሻማ፣ ክብሪትና በጥቃቅን ሚስማር የተሞላ የካርቶን ሣጥን ሰጣቸው። ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙት አላቸው። መፍትሔው ሣጥኑን ባዶ አድርጎ ግድግዳው ላይ በሚስማሩ መምታትና ሻማውን እላዩ ማቆም ነው። ብዙዎች ግን ሣጥኑን የሚስማር መያዣ አድርገው ብቻ ስላዩት አልታያቸውም። ባዶ ሣጥን ሲሰጣቸው የተሳካላቸው በዙ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1945 ነው። አሁን በረባሶን አስቢ። ያረጀ የመኪና ጎማ አይቶ ጫማ የታየው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ትልቅ አሳቢ ነበር። ጎማን ከመኪናው መለየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሹፌሩ ከደጀን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡40

ሳይኮሎጂ አልተማርኩም። የዘዲማን ጽሑፍ አንብቤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአባይን በረሃ ለ11 ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዳንድ ቀን ድልድዩ ላይ ስደርስ ላይኛውን ጠመዝማዛ እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። እጄ ማርሽ ይለውጣል። እግሬ ፍሬኑን ያውቃል። እኔ ስለ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳስብ ነው የወረድኩት። ተኝቼ አልነበረም። ከፊቴ ከብት ቢገባ ወዲያው እነቃለሁ። ይህስ ምን ይባላል?

ሌላ ያየሁት ነገር። መንገዱ ላይ አደጋ ደረሰ የሚል ወሬ በተሰማ ሰሞን ተሳፋሪው በሙሉ መስቀል እያማተበ ነው የሚወርደው። ከወር በኋላ ይረሳል። ስልኩን እያየ ይወርዳል። ገደሉ ያው ገደል ነው።

ሲስተር ከባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

ወንድሜ፣ ሁለቱም ስም አላቸው። የመጀመሪያው አውቶማቲክ የሆነ ሥራ ይባላል። አንድ ነገር ደጋግመን ስንሠራው ትኩረት መፈለጉን ይቀንሳል። ጀማሪ ሹፌር እያወራ መንዳት ያቅተዋል። አንተ ግን ትችላለህ። ይህ ማለት ሁሉን ታያለህ ማለት አይደለም። በ1999 ሳይመንስና ቻብሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ኳስ የሚቀባበሉ ልጆች ቪዲዮ አሳዩዋቸው። የቅብብሉን ብዛት ቁጠሩ አሏቸው። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን መትቶ ወጣ። ግማሽ ያህሉ ተመልካች አላየውም። ዓይናቸው ክፍት ነበር። ትኩረታቸው ግን ቆጠራው ላይ ነበር። እባክህ በዚያ ቁልቁለት ስልክ አትንካ።

የተሳፋሪዎቹን ፍርሃት ትቨርስኪና ካነማን በ1973 አጥንተውታል። ሰው አንድ ነገር ምን ያህል ይደርሳል ብሎ ሲገምት፣ ምሳሌው ቶሎ ከመጣለት ብዙ ጊዜ የሚደርስ ይመስለዋል። ትኩስ ወሬ ቶሎ ይመጣል። ካነማን በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በእንዲህ ዓይነት ሥራው ነው።

የእንጅባራዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ላይብረሪ ገብቼ ስለ በረባሶው ለጓደኛዬ ነገርኳት። ወዲያው ገባት። እኔም ስነግራት ነው በደንብ የገባኝ።

አሁን ንቃተ ኅሊናን እርዱኝ። የሚያምታታኝ ቃሉ ራሱ ነው። አያቴ አማርኛ ስትናገር «ኅሊና የለውም» ካለች ጨካኝ ነው ማለቷ ነው። የታመመ ሰው ደግሞ «ኅሊናውን ስቶ ነበር» ይባላል። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ የትኛው ነው?

ዘዲማ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ግሩም ጥያቄ ነው። ግእዙ ላይ ኀለየ ማለት አሰበ፣ አሰላሰለ ነው። በብዙኃኑ ኀ። ኅሊና ከዚያ ይወጣል። ማሕሌት የሚወጣበት በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ሐለየ ግን ዘመረ ማለት ነውና እንዳይቀላቀልብሽ። እንግዲህ ኅሊና ከመነሻው ሐሳብ ነው። በኋላ አማርኛው ሁለት መንገድ ሰጠው። አንዱ ክፉና ደጉን የሚለይ ውስጣዊ ዳኛ ሆነ። አንዱ ራስን ማወቅ ሆነ። መጽሐፍሽ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ተርጓሚዎቹ ንቃት የሚለውን የጨመሩት ለመለየት ይመስለኛል። ለፈተናሽ «ኅሊናውን ሳተ» የሚለውን ያዢ። የሳተው ነገር ምንድን ነው ብለሽ ከዚያ ጀምሪ።

ሲስተር ከባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ከዚሁ ልቀጥል፣ ምክንያቱም ኅሊናውን የሳተ ሰው አጠገብ መቆም የዕለት ሥራዬ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ራሱን የተመታ ሰው ሲመጣ «ነቅቷል፣ አልነቃም» ብለን አናልፍም። እንለካዋለን። መለኪያው በ1974 ግላስጎው ከተማ ሁለት ሐኪሞች ያወጡት ነው። ሦስት ነገር እናያለን። ዓይኑን ይከፍታል? እስከ 4 ነጥብ። ይናገራል? እስከ 5። ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል? እስከ 6። ሙሉው 15 ነው። ዝቅተኛው 3 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውዪ። ዜሮ የለውም። በመሃል ደግሞ ብዙ ደረጃ አለ። ንቃት እንደ መብራት ቁልፍ በርቶ የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ሁለት ነገር ለይተሽ ያዢ። አንዱ ንቃት ነው፣ ዓይን መግለጥ። ሌላው ግንዛቤ ነው፣ እኔ እዚህ አለሁ፣ ይህቺ ልጄ ናት ማለት። ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዓይኑ ተገልጦ፣ ቀን ነቅቶ ሌሊት ተኝቶ፣ ነገር ግን እናቱን የማያውቅ በሽተኛ አስታምሜአለሁ። እናቱ «ያየኛል እኮ» ትለኝ ነበር። ምን እንደምመልስላት ይጨንቀኝ ነበር። ተቃራኒውን ደግሞ አንቺ በየሌሊቱ ታዪዋለሽ። ሕልም። ተኝተሻል፣ ግን ትሮጫለሽ፣ ትፈሪያለሽ፣ ታወሪያለሽ።

ስለ እንቅልፍ መጻፍ ያለብኝ ለፈተናው ብቻ አይደለም። በ1953 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሰሪንስኪና ክላይትማን ሰው ተኝቶ ሳለ በየተወሰነ ጊዜው ዓይኑ ከሽፋሽፍቱ ሥር በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ አገኙ። በዚያን ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕልም ይናገራል። ዙሩ በግምት በየ90 ደቂቃው ይመጣል። ወደ ንጋት ሲሆን ዓይን የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ይረዝማል። በዚህ ሰዓት አብዛኛው ጡንቻ ይታሰራል፣ ያለዚያ ሕልማችንን ተነስተን እንሠራው ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት እንደታሰረ ይቆያል። መጮህ ትፈልጊያለሽ፣ ድምፅ የለም። እኛ ዘንድ ዱካክ ተጫነኝ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ያስፈራል፣ ግን አይገድልም።

ልመናዬ ይህ ነው። እኛ ከተማ በፈተና ሰሞን ተማሪው ጫት ይዞ ሌሊቱን ይነጋበታል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ማነቃቂያ ነው። የነቃሽ ይመስልሻል። ቡናም ቢሆን ድካምን አያጠፋም። አንጎል ውስጥ የድካም መልእክት የሚያደርሰውን አዴኖሲን መቀበያው ላይ ይዘጋበታል። መልእክቱ ከበር ውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል። ቀን ያጠናሽው የሚጸናው ደግሞ ስትተኚ ነው። ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ያጠናውን ሳያስቀምጥ ነው ፈተና የሚገባው። በዚህ ምክንያት ፈተናቸው ቀን እኛ ክፍል የሚመጡ ልጆች አሉ። ልብ ምታቸው ሲሮጥ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። አንቺ ተኚ።

ሹፌሩ ከደጀን | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡05

ሲስተር፣ ስልኩን ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለረዳቴ ነው የምሰጠው።

የዳንግላ መምህርት | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡20

የኔ ልጅ፣ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ሳይመለስ ሁለት ቀን ሊሞላ ነው። በየትኛው ቋንቋ ነው የማስበው ብለሽ ነበር። እኔም አገውኛና አማርኛ አብረው ካደጉባቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። አንደኛ ክፍል ካስተማርኩ 19 ዓመቴ ነው።

ሕፃናቱን ብታዪአቸው መልሱ ግማሹ እዚያ አለ። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሲደምር ድምፁን ያሰማል። «ሁለት... ሦስት... አራት» እያለ ለራሱ ይነግራል። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ በ1934 የጻፈው ይህንን ነው። ልጅ በመጀመሪያ ቋንቋን ከሰው ጋር ይነጋገርበታል። ቀጥሎ ጮክ ብሎ ከራሱ ጋር። በኋላ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። መጨረሻ ወደ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ንግግሩ አልቆመም። ወደ ውስጥ ነው የገባው። ብር በአማርኛ የምትቆጥሪው ቁጥርን ጮክ ብለሽ የተማርሽው በአማርኛ ስለሆነ ይመስለኛል። አያትሽ በአገውኛ የምትመጣልሽ በዚያ ስላሳደገችሽ ነው። ሳይኮሎጂን ግን ጮክ ብለሽ ለማንም ተናግረሽው አታውቂም። ታዲያ በምን ድምፅ ወደ ውስጥ ይግባ?

ግን ማሰብ ሁሉ በቋንቋ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ከግቢ በር እስከ ዶርምሽ ያለውን መንገድ አሁን በዓይነ ኅሊናሽ ሂጂው። ቃል አላስፈለገሽም። ሼፐርድና ሜትዝለር በ1971 ለሰዎች የተዞሩ ቅርጾችን አሳይተው አንድ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ቅርጹ በዞረ ቁጥር መልሱ በዚያው ልክ ዘገየ። ሰዎቹ በአእምሯቸው ሥዕሉን እያዞሩት ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ ፓሪስ የነበረ በሽተኛ ነው። በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም ያየው ሰው ነው። ከአፉ የሚወጣው ቃል ከሞላ ጎደል «ታን» ብቻ ነበር። ብሮካ እዚህ ሆስፒታል ስንት ዓመት ቆየህ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እጁን አራት ጊዜ ዘረጋ። ከዚያ አንድ ጣት ጨመረ። 21 ዓመት። ልክ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ በግራ በኩል ከፊት ተጎድቶ ተገኘ። ንግግሩ ጠፋ እንጂ ሐሳቡ አልጠፋም ነበር። ካርል ቬርኒከ በ1874 ደግሞ ሌላውን ዓይነት አሳየ። ንግግሩ ይፈሳል፣ ትርጉም ግን የለውም።

ስለ ድምፅ አንድ ልጨምር። «ጠፋ» እና «ተፋ» ለእኛ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን አንድ ይመስሉታል። ዌርከርና ቲስ በ1984 እንዳሳዩት ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ሕፃን ቤቱ የማይነገሩ የባዕድ ድምፆችን ሳይቀር ይለያል። ዓመት ሊሞላው ሲል ግን ጆሮው ለቤቱ ቋንቋ ይሳላል። የሌላው ይደበዝዛል። አንቺ ሁለት ቋንቋ እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ጆሮሽ ለሁለት ተስሏል።

ይህንን የምልሽ ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት በነበርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ነበር። ባልደረባዬ «አይገባውም» ብላ ከኋላ አስቀመጠችው። ሙሉ ሴሚስተር አፉን አልከፈተም። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት በአገውኛ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቅሁት። የላሟን ዘር እስከ አያቷ ቆጠረልኝ። የትኛዋ ከየትኛዋ እንደተወለደች፣ የትኛዋ በስንት እንደተሸጠች። ስድስት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ያ ልጅ ማሰብ አላቃተውም ነበር። የምንጠይቀው እሱ ባልነበረበት ቋንቋ ነበር። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ ሦስቱን ቋንቋ መቀላቀል ጉድለት ነው እንዳትዪ። መጽሐፉን ዝጊው። ባዶ ወረቀት ላይ በመጣልሽ ቋንቋ ጻፊው። ከዚያ ከፍተሽ አስተያዪ። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ሁለት ቡድን አወዳደሩ። አንዱ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ከአእምሮው ለማውጣት ሞከረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ሌላው በለጠ።

የጮቄ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

አጭር ጥያቄ። ቋንቋችን የምናስበውን ይወስነዋል የሚባለው እውነት ነው? ይህም ፈተና ላይ ይመጣል።

የዳንግላ መምህርት | ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ይወስነዋል የሚለው ጠንከር ያለው አባባል ዛሬ ብዙ ደጋፊ የለውም። ይነካዋል የሚለው ግን ማስረጃ አለው። ሩሲያኛ ለጥቁር ሰማያዊና ለውኃ ሰማያዊ ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት። በ2007 በወጣ ጥናት ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ሁለት ሰማያዊዎች በየራሳቸው ስም ሲወድቁ ቶሎ ለይተዋቸዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ይህ ጥቅም አልታየም። ልዩነቱ በጣም ጥቂት ቅጽበት ነው። እንግሊዛዊው ቀለሙ አይታየውም ማለት አይደለም።

የፍኖተ ሰላም አባት | ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

ስለ ተነሳሽነት ማንም አልጻፈም። እኔ የምጽፈው ከጥፋቴ ነው።

ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለ ማንበብ ይወድ ነበር። የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አንብቦ ነበር ዳቦውን የሚበላው። እኔ ደስ ብሎኝ ላበረታታው አልኩ። ላነበበው መጽሐፍ ሁሉ 20 ብር። አምስተኛ ክፍል መጽሐፉ እየቀጠነ መጣ። ስድስተኛ ክፍል «ስንት ትሰጠኛለህ» ማለት ጀመረ። እጄ ሲያጥር ብሩን አቆምኩ። እሱም ማንበቡን አቆመ። አሁን 16 ዓመቱ ነው።

በኋላ አንዲት የሳይኮሎጂ ተማሪ ዘመዳችን የ1973ቱን ጥናት ነገረችኝ። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ናቸው። ሥዕል መሣል የሚወዱ ትንንሽ ልጆችን በሦስት መደቡ። ለአንዱ ቡድን «ከሣልክ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማለህ» አሉት። ሌላው ሳይነገረው በድንገት ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳያዝዛቸው ሲታዩ፣ ሽልማት የተነገራቸው ልጆች የሚሥሉበት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ሽልማት ሁልጊዜ አይጎዳም ማለት ነው። የሚጎዳው ውስጥ የነበረውን ፍቅር ወደ ደመወዝ ሲለውጠው ነው። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። አባት የሆናችሁ ሁሉ እባካችሁ አስቡበት።

ዘዲማ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

አባታችን፣ ይህንን በግልጽ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ያክብርልን። ልጁ 16 ዓመቱ ከሆነ አላለፈም።

ሞጁሉ ላይ የማዝሎው ደረጃዎች አሉ። አብርሃም ማዝሎው በ1943 ጻፈው። ከታች ምግብና ውኃ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅርና ወገን፣ ከዚያ ክብር፣ ከላይ ደግሞ ሰው መሆን የሚችለውን መሆን። በኛ አገር ክፍል ውስጥ ሲሰጥ የታችኛው ሳይሞላ የላይኛው አይመጣም ይባላል። እኔ ይህንን መቀበል አቅቶኝ ነበር። የቆሎ ተማሪ ምን ይበላል? ያገኘውን ቁራሽ። የት ይተኛል? በሣር ጎጆ። ግን ሌሊት ተነስቶ መወድስ ይቆጥራል። ሆዱ ባዶ ሆኖ የሚሻው ወርቅ ነው። በኋላ ሳነብ ማዝሎው ራሱ በዚያው ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ ግትር እንዳልሆነ፣ ለእምነታቸው ሁሉን የሚተዉ ሰዎች እንዳሉ መጻፉን አየሁ። ጥፋቱ የእኛ አሰጣጥ ነው።

ሲስተር ከባሕር ዳር | ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

ዘዲማ፣ አከብርሃለሁ። ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ተርበው የተማሩትን እናውቃቸዋለን፣ ምክንያቱም ደርሰዋል። ተርበው ያቋረጡትን ማን ቆጠራቸው? በረሃብ ትኩረቱ የተበተነ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ሲገረፍ አይቻለሁ። የቆሎ ተማሪን ጽናት ማድነቅ አንድ ነገር ነው። ረሃቡን የትምህርቱ አካል ማድረግ ሌላ ነው።

ዘዲማ | ሐሙስ፣ ቀን 7፡10

እውነትሽን ነው። አብረውኝ ከነበሩት መሃል ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት ኖሮት በበሽታና በረሃብ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ነበር። እሱን ሳልጠቅስ መጻፌ ልክ አልነበረም።

ለእህታችን ግን ይህንን ልበል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው ከውስጡ እንዲነሳ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ። በፈቃዴ ነው የምሠራው ማለት። እችለዋለሁ ማለት። ወገን አለኝ ማለት። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኛ ፈረሱን ሸልሞ ሲወጣ አንድ ብር አይከፈለውም። ሦስቱም ግን አሉት። ወዶ ነው፣ ግልቢያውን ይችለዋል፣ ከጎኑ ወገኑ አለ። አሁን ደብተርሽ ፊት ተቀምጠሽ ከሦስቱ የጎደለሽን ፈልጊ። ስንፍና የሚለውን ቃል ለጊዜው ተይው።

የእንጅባራዋ | ዓርብ፣ ማታ 2፡45

ሦስት ቀን ሳልጽፍ የቆየሁት እያሰብኩ ነው። 12ኛ ክፍል ስልክ አብርቼ የማጠናው ከአክስቴ ልጅ ጋር ነበር። እሷ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። እዚህ ዶርም ውስጥ አገውኛ እንደምናገር እንኳ የሚያውቅ ሰው የለም። የጎደለኝ ሦስተኛው ነው። ስለ በረባሶው የነገርኳትን ጓደኛዬን ከዛሬ ጀምሮ አብረን እናጥና አልኳት። እሺ አለችኝ። እኔ አስረዳታለሁ፣ እሷ ታስረዳኛለች። መጽሐፉን ዘግተን።

ትናንት ደግሞ ለአያቴ ደወልኩ። መምህርት እንዳሉኝ ጮክ ብዬ ልሞክረው ብዬ ንቃትና ግንዛቤን በአገውኛ አስረዳኋት። ለቃሉ አቻ አላገኘሁለትም። ሲስተር የጻፉትን እየተረኩ ነው የነገርኳት። ዓይኑ ተገልጦ እናቱን ስለማያውቀው ሰው ስነግራት ዝም ብላ ቆየች። ስለ ሕልም ስደርስ አቋረጠችኝና ጠየቀችኝ። «ፈረስስ ያልማል?» አለችኝ። እሷ ያደገችው ፈረስ ቤት ነው። መልስ አልነበረኝም።

ሲስተር ከባሕር ዳር | ዓርብ፣ ማታ 4፡20

ምን ያያል የሚለውን ፈረሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ነገር ግን ዓይን የሚንቀሳቀስበት ያ የእንቅልፍ ዓይነት ፈረስም አለው። ፈረስ ቆሞ ማንቀላፋት ይችላል። ወደዚህኛው እንቅልፍ ለመግባት ግን መጋደም አለበት፣ ጡንቻው ስለሚላላ ቆሞ አይችለውም።

የእንጅባራዋ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡30

አሁን ደውዬ ነገርኳት። «ሲጋደም እግሩን ሲያወናጭፍ አይቻለሁ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ማታ እጽፈዋለሁ፣ አሁን ጓደኛዬ ላይብረሪ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው።